ኤፍ-75፣ ኤፍ-100፣ ፕላምፒ ወይስ የኩሽና ወተት? በከባድ የምግብ እጥረት ለተኛ ልጅ የቱ ይመረጥ

በከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ሆስፒታል ሲገባ አማራጩ ይበዛል። መጋዘን ውስጥ ኤፍ-75 እና ኤፍ-100 የሚባሉት የሕክምና ወተት ዱቄቶች፣ ፕላምፒ የሚባለው ዝግጁ የለውዝ ምግብም ይኖራል። ኩሽና ውስጥ ወተት፣ ስኳርና ዘይት አለ። አስታማሚዋ በፌስታል ብስኩትና አጥሚት ይዛ መጥታለች፤ ደጅ የቆመው ዘመድ ደግሞ "ለምን ግሉኮስ አይሰቀልለትም?" ይላል። አብዛኛው ስህተት የሚሠራው ከእነዚህ መካከል "ጉልበት ያለውን" ለመምረጥ ሲሞከር ነው። ልጁ ተርቧልና ጠንከር ያለው ይሰጠው ይባላል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ጠንከር ያለው ምግብ ልጁን ሊገድለው ይችላል።

ይህ መመሪያ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ለሚተኙበት የማረጋጊያ ክፍል ነው፤ ለነርሶች፣ ለክፍል ኃላፊዎችና ግዥ ለሚወስኑ ሰዎች። አንቲባዮቲክና ሌላው ሕክምና ከምግቡ ጎን የሚሄድ ቢሆንም እዚህ አልተነካም።

መስፈርቶቹ

የመጀመሪያው መስፈርት ልጁ ያለበት ደረጃ ነው። የምግብ ፍላጎት አለው? እብጠቱ ስንት መስቀል ነው (ከአንድ እስከ ሦስት የሚሰጥ የእብጠት ደረጃ፣ ሦስት ከባዱ)? የሳንባ ምች፣ ተቅማጥ፣ የሰውነት መቀዝቀዝ አለበት? ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ሥራውን ሁሉ ቀንሶ ነው የሚቆየው። ልብ ይደክማል፣ ኩላሊት ጨው የማስወገድ አቅሙ ይወርዳል፣ ጉበት ፕሮቲን ማስተናገድ ይከብደዋል፤ ሴሎቹ ውስጥ ሶዲየም ተጠራቅሞ ፖታሲየም ጎድሏል። እንዲህ ያለ ሰውነት ላይ ብዙ ምግብ በአንዴ ሲወርድ ፖታሲየምና ፎስፌት ከደም ወደ ሴል ይገባሉ፣ ሶዲየሙ ወደ ደም ይወጣል፣ ልብም የማይችለው ጫና ያርፍበታል። ሐኪሞች ሪፊዲንግ ሲንድሮም የሚሉት ይህንን ነው። ስለዚህ የፕሮቲን፣ የሶዲየምና የአይረን መጠን ከካሎሪው ቀድሞ ይታያል።

ቀጥሎ ዕድሜው ነው፤ 6 ወር ያልሞላው ሕፃን ሌላ ስሌት አለው። ከዚያ የክፍሉ አቅም ይመጣል። ንጹሕ ውሃ፣ ግራም የሚለካ ሚዛን፣ ማቀዝቀዣ አለ? ከሁሉም በላይ ሌሊት የሚያበላ ሰው አለ? በመጨረሻም ምግቡ ቤት ድረስ መሄድ ይችል እንደሆነ ይጠየቃል። ዋጋ የሚመዘነው እነዚህ ሁሉ ከተመለሱ በኋላ ነው፤ ዋጋን ያስቀደመ ግዥ ክፍሉ የማያስፈልገውን ሲያከማች ታይቷል።

ኤፍ-75፦ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት

በ100 ሚ.ሊ. 75 ኪሎ ካሎሪና 0.9 ግራም ፕሮቲን ብቻ አለው፣ አይረን የለውም። ደካማ መምሰሉ ሆን ተብሎ ነው። ሥራው ልጁን ማረጋጋት ሲሆን፣ በዚህ ደረጃ ክብደት አልጨመረም ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም። እንዲያውም ያበጠ ልጅ እብጠቱ ሲጎድል ክብደቱ ይቀንሳል፤ የሚሰጠው መጠን ግን በገባበት ክብደት እንደተሰላ ይቀጥላል።

መጠኑ በቀን በኪሎ 130 ሚ.ሊ. ነው፤ እብጠቱ ሦስት መስቀል ለሆነ ልጅ 100 ሚ.ሊ.። 130 ሚ.ሊ.ው ሲከፋፈል፣ በየ2 ሰዓቱ ከሆነ በአንድ ጊዜ በኪሎ 11 ሚ.ሊ.፣ በየ3 ሰዓቱ 16፣ በየ4 ሰዓቱ 22 ይሆናል። 6.4 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በየ3 ሰዓቱ ሲመገብ በአንድ ጊዜ 105 ሚ.ሊ. ይደርሰዋል ማለት ነው።

ትልቁ ችግር ሌሊት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት ሳይበላ የሚያድር ልጅ የደም ስኳሩ ወርዶ፣ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ሊገኝ ይችላል። ተረኛዋ አንድ ነርስ ብቻ ከሆነች ቅጹ ላይ 12 ጊዜ ተጽፎ 7 ጊዜ ከሚሰጥ፣ 8 ጊዜ ተጽፎ 8ቱም ቢሰጥ ይሻላል። በተለይ ለከፋ ሕመም፣ ለማስመለስና ለብዙ ተቅማጥ የየ2 ሰዓቱ ግን ሊቀር አይገባም፤ አስታማሚዋ ሰዓቱን አውቃ እንድትቀሰቅስ ማድረግም ይረዳል።

አበጣጠሩ ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ስህተት አለ። 102.5 ግራም ያለው ከረጢት 500 ሚ.ሊ. ውሃ ውስጥ ገብቶ ወደ 600 ሚ.ሊ. ወተት ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ዱቄቱን ጆግ ውስጥ ገልብጦ እስከ 500 ምልክት ውሃ መሙላት ነው። ያኔ የገባው ውሃ 400 ሚ.ሊ. ገደማ ብቻ ነው፤ ወተቱ ይወፍራል፣ ተቅማጡ ይብሳል፣ "ኤፍ-75 አልተስማማውም" ይባላል። በቆርቆሮ የሚመጣው የራሱ ማንኪያና የራሱ ልኬት አለው። ማንኪያው በቢላ ጀርባ ተስተካክሎ ይለካል፣ የአንዱ ቆርቆሮ ማንኪያ ለሌላው አይሆንም። የተበጠበጠ ወተት ማቀዝቀዣ በሌለበት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ በማቀዝቀዣ እስከ 24 ሰዓት።

የሚሰጠው በኩባያ ነው፤ ጡጦ አይፈቀድም። ልጁ ቀና ብሎ አስታማሚዋ ደረት ላይ ተደግፎ ይጠጣል። አፍንጫ ይዞ መጋት ወተቱን ወደ ሳንባ ይልከዋል። ከታዘዘለት ከ75 በመቶ በታች የሚወስድ፣ ራሱን የሳተ ወይም አፉ የቆሰለ ልጅ በአፍንጫ ቱቦ ይመገባል። ቱቦው ሆድ ውስጥ መሆኑ በእያንዳንዱ ምግብ ጊዜ ይረጋገጣል፤ ወተቱም የሲሪንጁ መግፊያ ወጥቶ በራሱ ክብደት ይወርዳል እንጂ አይገፋም። በየምግቡ መጀመሪያ ግን በኩባያ ይሞከራል፣ የቀረው ብቻ በቱቦ ይሄዳል።

ኤፍ-100፦ ከተረጋጋ በኋላ፣ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ

በ100 ሚ.ሊ. 100 ኪሎ ካሎሪና 2.9 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ፕሮቲኑ ከኤፍ-75 ሦስት እጥፍ ይበልጣል። የልጁ ፍላጎት ሲመለስ፣ እብጠቱ መጉደል ሲጀምርና ሌሎቹ ችግሮች ሲቀንሱ ይጀመራል። በሽግግሩ፣ ማለትም ከኤፍ-75 ወደ ጠንከር ያለው ምግብ በሚታለፍበት 2 ወይም 3 ቀን፣ የሚሰጠው መጠን የኤፍ-75ቱ ያው ነው፣ በኪሎ 130 ሚ.ሊ.። ብዛቱ ሳይጨምር ካሎሪው በሲሶ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ በየምግቡ 10 ሚ.ሊ. እየታከለ ልጁ ማስተረፍ እስኪጀምር ይኬዳል።

በሽግግሩ ወቅት ትንፋሽና የልብ ምት ሳይቆጠር መታደር የለበትም። የልብ ምት በደቂቃ በ25፣ ትንፋሽ በደቂቃ በ5 ጨምሮ በተከታታይ ልኬት ከዘለቀ ልጁ ጭነት በዝቶበታል፤ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ወደ ኤፍ-75 ይመለሳል። ደም ሥር ፈሳሽ መጨመር እዚህ ላይ ትልቅ ስህተት ነው።

ኤፍ-100ም አይረን የለውም። በማገገሚያው ደረጃ በኤፍ-100 ለሚቀጥል ልጅ አይረን ለብቻው ይታዘዛል። ከተበጠበጠ በኋላ ቶሎ ስለሚበላሽ ቤት አይላክም፤ ዱቄቱንም ለእናት ሰጥቶ "በጥብጠሽ ስጪው" ማለት አይቻልም።

ፕላምፒ፦ ከአልጋ እስከ ቤት

ሰዉ ሁሉ ፕላምፒ የሚለው ዝግጁ ቴራፒዩቲክ ምግብ ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከዘይትና ከቪታሚን-ማዕድን ድብልቅ የተሠራ ነው። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ሆኖ 500 ኪሎ ካሎሪ ይዟል። ሽግግሩን ከኤፍ-100 ይልቅ በፕላምፒ ማድረግ ይቻላል፤ የሚመርጠው ልጅ ብዙ ስለሆነና ወደ ቤት የሚሄደው በእሱው ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይሄኛው ይሻላል። መጀመሪያ ፕላምፒ ይቀርብለታል፣ የታዘዘለትን ካልጨረሰ የጎደለው በኤፍ-75 ይሞላል።

ውሃ ስለሌለው ጀርም በቀላሉ አይራባበትም፣ ማብሰልና መበጥበጥም የለም። ሚዛንም ማቀዝቀዣም ለሌለው ክፍል ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። አይረን በውስጡ ስላለው ተጨማሪ አይረን አይታዘዝም። በሙሉ መጠን ሲሰጥ በቀን በኪሎ ከ150 እስከ 185 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ 7 ኪሎ ለሆነ ልጅ ከ2 እስከ 2 ተኩል ከረጢት። እዚሁ አገር፣ ለገጣፎ ላይ ስለሚመረትም አቅርቦቱ ከውጭ እንደሚመጣው ዱቄት ወተት ረጅም መንገድ አይጠብቅም።

የማይሆንባቸው ቦታዎችም አሉ። በአፍንጫ ቱቦ አይሄድም፤ በውሃ አቅጥኖ በቱቦ ለመላክ መሞከር ቱቦውን ይዘጋል፣ ልኬቱንም ያጠፋል። 6 ወር ላልሞላው አይሰጥም። የለውዝ አለርጂ ላለበትም አይሆንም። ሲበላ በጣም ስለሚያስጠማ በእያንዳንዱ ጉርሻ መካከል ንጹሕ ውሃ ይሰጣል። ውሃው ሲረሳ ልጁ ሁለት ሦስት ጊዜ ልሶ አፉን ያዞራል፤ የምግብ ፍላጎት ፈተናውን እንደወደቀ ይጻፍበታል፣ ችግሩ ግን ጥማት ነበር።

የኩሽና ወተት፦ ዕቃ ሲያልቅ

ዱቄቱ ከመጋዘን ሲጠፋ ክፍሉ በራሱ ማዘጋጀት ይችላል፤ ርካሽ ቢመስልም ትክክለኛ ሚዛንና ትዕግሥት ይፈልጋል። ለ1 ሊትር ኤፍ-75 ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት 25 ግራም፣ ስኳር 70 ግራም፣ የሩዝ ወይም የበቆሎ ዱቄት 35 ግራም፣ ዘይት 27 ግራም። በላም ወተት ከሆነ ወተት 300 ሚ.ሊ.፣ ስኳር 70 ግራም፣ ዱቄት 35 ግራም፣ ዘይት 17 ግራም። ለኤፍ-100 ደግሞ ያው ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት 80 ግራም፣ ስኳር 50 ግራም፣ ዘይት 60 ግራም፤ ወይም የላም ወተት 880 ሚ.ሊ.፣ ስኳር 75 ግራም፣ ዘይት 17 ግራም። ለሁሉም የቪታሚንና የማዕድን ድብልቁ (ሲኤምቪ) ለ2 ሊትር አንድ የራሱ ማንኪያ፣ 6.35 ግራም፣ ይገባል።

እዚህ ላይ የውሃው ደንብ ከከረጢቱ ተቃራኒ ነው። የከረጢቱ ዱቄት ተለክቶ በተቀመጠ ውሃ ላይ ይጨመራል፤ የኩሽናው ግን ሁሉም ከተደባለቀ በኋላ ጠቅላላው 1 ሊትር እስኪሞላ ድረስ ውሃ ይታከልበታል። አንድ ሊትር ውሃ ጨምሮ ሌላውን ከላይ መክተት ወተቱን ያቀጥነዋል። ሁለቱን ደንቦች ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን መለጠፍ ጥሩ ነው፤ ተረኛ በተለወጠ ቁጥር ይምታታሉና።

የእህል ዱቄት ያለበት ኤፍ-75 ለ4 ደቂቃ በቀስታ እየተማሰለ ይበስላል፤ የተነነው ውሃ በፈላ ውሃ ተተክቶ እንደገና 1 ሊትር ይሞላል፤ ሲኤምቪው የሚገባው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ዱቄቱን ትቶ ስኳሩን 100 ግራም ማድረግም ይቻላል፣ ማብሰል አያስፈልገውም፤ ግን ስኳሩ ስለበዛ ተቅማጥ ያለበትን ልጅ ሊያብስበት ይችላል።

ዘይቱ ሌላው ጣጣ ነው። በዱቄት ወተት ከሚሠራው ኤፍ-75 ካሎሪ ሲሶው፣ ከኤፍ-100 ደግሞ ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከዘይት ነው። በደንብ ካልተመታ ዘይቱ ላይ ይንሳፈፍና ኩባያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ልጁ 100 ሚ.ሊ. ጨረሰ ተብሎ ይጻፋል፣ የወሰደው ግን ከታሰበው በብዙ ያነሰ ነው። መጀመሪያ የዱቄት ወተቱን፣ ስኳሩንና ዘይቱን እንደ ሊጥ አሽቶ ከዚያ ውሃውን ቀስ በቀስ ማስገባት፣ ብሌንደር ካለ በብሌንደር መምታት ይህን ይከላከላል።

ሲኤምቪ ከሌለስ? ያኔ ያለው ጣፋጭ ወተት ነው። ፖታሲየም፣ ማግኒዚየምና ዚንክ የሌለው ምግብ እብጠቱን አያጎድልም። ስለዚህ ለኩሽናው አማራጭ የሚዘጋጅ ሆስፒታል መጀመሪያ መግዛት ያለበት ሲኤምቪና ዲጂታል ሚዛን ነው፤ ስኳርና ዘይት ከገበያ አይጠፋም።

6 ወር ያልሞላው

የመጀመሪያው አማራጭ የእናት ጡት ነው። ተጨማሪ የሚያስፈልገው እብጠት የሌለበት ሕፃን ከእናቱ ከታለበ ወተት፣ ይህ ካልሆነ ከሕፃናት ፎርሙላ ወይም ከቀጠነ ኤፍ-100 ይሰጠዋል፤ እብጠት ካለበት ኤፍ-75። የቀጠነው የሚዘጋጀው በተበጠበጠ 100 ሚ.ሊ. ኤፍ-100 ላይ 35 ሚ.ሊ. ውሃ በመጨመር ነው። ሙሉው ኤፍ-100 ለዚህ ዕድሜ ኩላሊት ከባድ ስለሆነ ፈጽሞ አይሰጥም። ተጨማሪው ወተት ጡት ላይ በተለጠፈ ቀጭን ቱቦ እየጠባ እንዲወስድ ሲደረግ የእናትየው ወተትም ይመለሳል። እናትየው ራሷ ካልበላች ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ የሆስፒታሉ ምግብ ለታማሚ ብቻ በሚታደልበት ቦታ የአስታማሚዋ ሳህን በበጀት መያዝ አለበት።

የሚጠጣውስ? ሬሶማል ወይስ ኦአርኤስ

ሁለቱም በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተኩ መጠጦች ናቸው፤ ሬሶማል በምግብ እጥረት ለተጎዱ ልጆች የተዘጋጀው ነው። መደበኛው ኦአርኤስ በሊትር 75 ሚሊሞል ሶዲየምና 20 ሚሊሞል ፖታሲየም አለው። ሬሶማል 45 ሶዲየምና 40 ፖታሲየም ነው። ለተጎዳ ልጅ ተቅማጥ ሬሶማል ይመረጣል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በየ30 ደቂቃው በኪሎ 5 ሚ.ሊ. ይሰጣል፣ በየመሐሉ ትንፋሽና የልብ ምት ይቆጠራል። ኮሌራ ከሆነ ወይም ከተጠረጠረ ግን መደበኛው ኦአርኤስ ነው። ሬሶማልን ከአልጋው አጠገብ በጆግ አስቀምጦ "እንደፈለገ ይጠጣ" ማለት ልብን ያጨናንቃል።

አማራጭ የሚመስሉ ነገሮች

አንድ ሊትር 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ነው፤ ካሎሪው 200 እንኳ አይሞላም። 8 ኪሎ ልጅ በማረጋጊያ ደረጃ በቀን 800 ገደማ ይፈልጋል። ያንን በደም ሥር ለመስጠት የሚፈሰው ውሃ ልቡን ያሰጥመዋል። ደም ሥር ፈሳሽ ለሾክ (የደም ዝውውር ሲወድቅ) ብቻ ይቀመጥ። አጥሚትም ለእናትየው መልካም ነው፤ ለልጁ ግን ሆድ ሞልቶ የወተቱን ቦታ ይይዛል። ብስኩቱም እንዲሁ።

ባጭሩ

| አማራጭ | ለማን | ኃይል | ፕሮቲን | የሚያስፈልገው | አይሆንም |
|---|---|---|---|---|---|
| ኤፍ-75 | አዲስ ለገባ፣ ችግር ላለበት | 75 ኪሎ ካሎሪ በ100 ሚ.ሊ. | 0.9 ግራም | ውሃ፣ ጆግ፣ የሌሊት ተረኛ | ለማገገሚያ፣ ለቤት |
| ኤፍ-100 | ለተረጋጋ፣ ፕላምፒ እምቢ ላለ | 100 ኪሎ ካሎሪ በ100 ሚ.ሊ. | 2.9 ግራም | ውሃ፣ ጆግ፣ ክትትል | በመጀመሪያው ደረጃ፣ ለቤት |
| ፕላምፒ | ለተረጋጋ፣ ፍላጎት ላለው | 500 ኪሎ ካሎሪ በከረጢት | 13 ግራም ገደማ | የመጠጥ ውሃ ብቻ | በቱቦ፣ ከ6 ወር በታች |
| የኩሽና ወተት | ዕቃ ላለቀበት ክፍል | እንደ ቀመሩ | እንደ ቀመሩ | ሚዛን፣ ሲኤምቪ፣ መምቻ | ሲኤምቪ ከሌለ |
| የቀጠነ ኤፍ-100 | ከ6 ወር በታች፣ እብጠት ለሌለው | 74 ኪሎ ካሎሪ ገደማ በ100 ሚ.ሊ. | 2.1 ግራም ገደማ | ጡት የምትሰጥ እናት፣ ቀጭን ቱቦ | እብጠት ላለበት |

እንደየሁኔታው

ሃያ አራት ሰዓት በቂ ነርስ ያለው ሪፈራል ሆስፒታል ኤፍ-75፣ ጥቂት ኤፍ-100 እና ፕላምፒ ቢይዝ ይበቃዋል። ኤፍ-100 የሚያስፈልገው ፕላምፒ ለማይበሉ፣ በቱቦ ለሚመገቡና ለቀጠነው ብቻ ስለሆነ ከኤፍ-75 እኩል ማዘዝ ብክነት ነው።

በሌሊት አንድ ተረኛ ብቻ ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በየ3 ሰዓቱ ያብላ፣ ሽግግሩን በፕላምፒ ያድርግ። ኤፍ-100 ባይኖረውም ሥራው አይቆምም፤ ኤፍ-75 ከሌለው ግን ይቆማል።

የደም ስኳር መለኪያ የሌለው ጤና ጣቢያ እያንዳንዱን የተጎዳ ልጅ ስኳሩ እንደወረደ ቆጥሮ ሲገባ 50 ሚ.ሊ. 10 በመቶ ስኳር ውሃ ይስጠው፣ ወዲያው ኤፍ-75 ያስከትል። ያለው 40 በመቶ ግሉኮስ ከሆነ 12.5 ሚ.ሊ. ወስዶ በ37.5 ሚ.ሊ. ውሃ ማቅጠን ነው።

በጀቱ ለጠበበ፣ ቅደም ተከተሉ ኤፍ-75፣ ሬሶማል፣ የአፍንጫ ቱቦና ሲሪንጅ፣ ዲጂታል ሚዛን፣ ሲኤምቪ፣ መጨረሻ ላይ ኤፍ-100 ነው። ለስሌት ያህል፣ አማካይ 7 ኪሎ የሆኑ 10 ልጆች ኤፍ-75 ላይ ቢሆኑ በቀን 9.1 ሊትር ይጠጣሉ፤ በ102.5 ግራም ከረጢት 16 ገደማ ማለት ነው። ማዘዣው ላይ የሚበላሸውንና የሚደፋውን አስቦ ትንሽ መጨመር ነው።

ቤቱ ሩቅ የሆነ፣ ሌሎች ልጆች ጥላ የመጣች እናት ቶሎ መውጣቷ አይቀርም። ለእሷ ልጅ ከሽግግሩ መጀመሪያ ጀምሮ ፕላምፒ ማለማመድ ይሻላል፤ ሲወጣም የሚሰጠው ከረጢት እስከ ቀጣዩ የተመላላሽ ቀን የሚያደርስ ይሁን። የሪፈር ወረቀቱ ላይ የወጣበት ክብደት፣ የክንድ ዙሪያውና የተሰጠው ከረጢት ብዛት ይጻፍ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የምትቀጥለው ከዚያ ቁጥር ነው።